ከየቡ የመጣው ካምቢዮ

አባቦራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቡና ጭነው ከጅማ አዲስ አበባ ሲመላለሱ አንድም ሰው አልገጩም። ይህን የሚያወሩት እሳቸው አልነበሩም፤ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ የሾፌር ወሬ በተነሳ ቁጥር ሌላው ሰው ነበር የሚያወራላቸው። የጊቤን ቁልቁለት በጭጋግም በዶፍም ወርደውታል። በስድሳ ሁለት ዓመታቸው መንዳት ሲያቆሙ እጃቸው ላይ የቀረው ብዙ አልነበረም። ባለ ሁለት ክፍል ቤት አላቸው፣ ሚስታቸው አዴ ፈሂማ አሉ፣ ሱፊያን የሚባል ልጃቸው አዲስ አበባ ይሠራል። ስኳር በሽታም ነበረባቸው። አጥራቸው ሥር ደግሞ በቆርቆሮ የተሸፈነች፣ የማትንቀሳቀስ ሙስታንግ የምትባል የአሜሪካ መኪና ነበረች።

እኔ ሙርሺድ እባላለሁ። መካኒክ ነኝ፤ ጋራዤ ከእሳቸው ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ይህን ነገር ሌላ ሰው ቢያወራው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የነበርኩት እኔ ነኝ።

መኪናዋን በ1962 ያስመጧት ሀጂ አብደላ የሚባሉ ቡና ነጋዴ ናቸው። የአባቦራ አባት የሀጂው መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ደርግ ሲመጣ ሀጂው መኪናዋን መጋዘን ውስጥ አስገብተው ፊቷን እስከ ጣሪያ ድረስ በቡና ጆንያ ዘጉባት፤ መንግሥት እስኪለወጥ ማንም አላያትም። ከዚያ በኋላም ቢሆን የሚነዳት አልተገኘም። አባቦራ ለዚያው ቤተሰብ ሲያሽከረክሩ ኖረው ሥራ ያቆሙ ዕለት የሀጂው ልጆች «ይቺን ይውሰዷት» ብለው ሊብሬዋን በስማቸው አዞሩላቸው። ለልጆቹ ቦታ ማስለቀቅ ነበር። አባቦራ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው አዴ ፈሂማ ነግረውኛል። የሰፈሩ ሰው መኪናዋን «ፈረሷ» ይላታል፤ አፍንጫዋ ላይ የሚሮጥ ፈረስ አለባት። አባቦራ የሚለውም ስም እዚህ አገር የፈረስ ስም ስለሆነ «ስሙ ቀድሞ ፈረሱ በኋላ መጣላቸው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

አራት ዓመት ሠራናት። ፍሬኑን፣ ካርቡራቶሩን፣ ራዲያተሩን አንድ በአንድ። ባለስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ከተነሳ በኋላ በአረፋ ማግስት አዴ ፈሂማን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ጅሬን ኮረብታ ወጡ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲቀንሱ ከሥር አንድ ነገር ጮኸ፤ መኪናዋም ቆመች። በአህያ ጋሪ ልትጎተት ምንም አልቀራትም፤ በመጨረሻ አንድ ፒክአፕ ጎትቶ ጋራዤ አደረሳት።

ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ አውርጄ ክዳኑን ስከፍት የሁለተኛው ማርሽ ጥርሶች ግማሾቹ ረግፈው ዘይቱ ውስጥ ተኝተዋል። የባሰው ግን የውጭ ገላው ነበር። ከታች በኩል ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው።

«ይበየዳላ» አሉ አባቦራ።

«ጊዛ ነው፤ ቀልጦ የተሠራ ተሰባሪ ብረት። ዛሬ ቢበየድ ነገ በጎኑ ይሰነጠቃል። ሌላ ካምቢዮ ነው የሚያስፈልገን።»

የትኛው ይሻላል የሚለው ነገር ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሱፊያን በስልክ ገባበት፤ ድምፁን ከፍ አድርገን ሦስታችንም እናወራለን።

«አባዬ፣ እዚህ አንድ ጋራዥ ከእንደዚችው መኪና የወረደ አውቶማቲክ አይቻለሁ» አለ። «ማርሽ ለመቀየር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለ፣ ምን የለ። ሁለት ፔዳል ብቻ። ግራ እግርዎ ያርፋል።»

«እግሬ ደከመኝ አለህ እንዴ?»

«አላለኝም። ግን ስኳር አለብዎት።»

«ስኳሩ ያለው ደሜ ውስጥ ነው፤ ካምቢዮው ውስጥ አይደለም» አሉና ሳቁ።

እኔ ደግሞ ሰኮሩ ላይ ከተገለበጠ ኢሱዙ የወረደ ባለ አምስት ማርሽ አይቼ ነበር። ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። ከሞተሩ ጋር እንዲገጥም ወፍራም ብረት ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ፣ ማርሹ የሚወጣበትን የወለል ቀዳዳም ወደ ኋላ መቅደድ ያስፈልጋል። ይህንን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኢሱዙን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። አንደኛው ማርሽ ጭነት ለመግፋት የተሠራ ነው። ይቺን ሰማንያ ሳትደርስ ታስጮሃታለህ። ደግሞ ወለሏን አትቅደድብኝ።»

ቀጥለውም «ሀጂ አብደላ ሁለት ነበር ያስመጡት» አሉ።

«ሁለት ምን?»

«ሁለት መኪና። አንዷን የቡ ያለው ሸሪካቸው ወሰዳት። ዓመት ሳትሞላ ድልድይ ገጨች። ሞተሯንና ካምቢዮዋን አውርደው ቡና መፈልፈያ ላይ ገጠሙት። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሲሠራ ድምፁ እስከ አስፋልት ይሰማ ነበር።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እንደ መካኒክ ቢጠይቁኝ ስኳር ላለበት የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው የሚሆነው አውቶማቲኩ ነበር። የዚያች መኪና ፍሪሲዮን ከባድ ነው፤ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው የሚገፋው። ይህን ያኔም አውቃለሁ። ግን በሃያ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ያለ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ሙሉ ሆኖ አግኝቼ አላውቅም፤ የኔንም ዓይን ሞላው። «እንሂድና እንየው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ወደ አጋሮ በሚሄድ መኪና ሄደን የቡ ወረድን። መፈልፈያው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ከቡና እርሻ መሀል ነው፤ በዚያ ጭቃ ባጃጅ አይገባም። አባቦራ የሱፊያንን ቦቲ አድርገው ነበር።

«አይጠብዎትም?» አልኳቸው።

«ኤዬ፣ ጠባብ ነው። ግን አይሰማኝም።»

እንደ ቀልድ አለፍነው። ግን እውነታቸውን ነበር፤ በሽታው የእግራቸውን ስሜት ከወሰደው ቆይቷል። አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያ ቦቲ በጭቃ ሄዱ፣ አንድ ሰዓት ተመለሱ።

መፈልፈያውን ባላቸው ከሞቱ በኋላ የያዙት ወይዘሮ ውብነሽ የሚባሉ ሴት ናቸው። ጣሪያው ወድቋል፤ ቆርቆሮውን አንስተን ስናይ ካምቢዮው ከነሞተሩ እንደተገጠመ አለ፣ ዶሮዎች አድረውበታል። የብረቱን ቁጥር በስለት ፍቄ አነበብኩት። ከኛው ካምቢዮ ጋር ያው ነበር።

«የባሌን ወንድሞች ሳላማክር አልሰጥም» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ። «ሐሙስ ኑ። አርብ ብረት ሰብሳቢዎች መጥተው ሁሉንም ይወስዳሉ። ሐሙስ ካልመጣችሁ ለነሱ ነው፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ።»

«እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ» አሉ አባቦራ።

ሐሙስ ከማለዳው ጀምሮ ይዘንባል። ከአስፋልቱ ገብተን ግማሽ መንገድ እንደሄድን አንዲት ጅረት ሞልታ አገኘናት። ስንሻገር ውኃው ከቦቲያቸው በላይ አለፈ። ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ግራ ቦቲያቸውን አውልቀው ውኃውን ደፉት። ካልሲያቸው ትንሿ ጣታቸው ዘንድ ቢጫና ቡናማ ሆኖ ከቆዳቸው ጋር ተጣብቋል። ሽታውም መጣ። ዝናቡ ውስጥ እንኳ ይሸት ነበር።

«አባቦራ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ያን ዕለት ቦቲው ልጦኝ ነው።»

«አያምዎትም?»

«ወላሂ አያመኝም።»

እናቴም ስኳር ነበረባት። አለማመሙ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አሁኑኑ ተመልሰው ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸው አውቃለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብንመለስ ነገ ብረት ሰብሳቢዎቹ ይመጣሉ፤ በመዶሻ ከስክሰው በጆንያ ይወስዱታል። ያን ካምቢዮ አሰብኩት።

«ስንመለስ ያሳዩታል» አልኩ።

«ስንመለስ» አሉና ቦቲውን መልሰው አጠለቁት።

ካምቢዮውን ከሞተሩ ፈትተን በአራት ሰው፣ በእንጨት አንጠልጥለን አወጣነው። እዚያው የወይዘሮ ውብነሽ በረንዳ ላይ ክዳኑን ከፈትኩት። ዘይቱ ጠቁሮ እንደ ሙጫ ሆኗል። ዋናውን ዘንግ ይዤ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅኩት፤ አይላወስም። ጥርሶቹን በጨርቅ ጠርጌ አንድ በአንድ አየኋቸው። ፈልፋዩ ሰውዬ ሲሠራ የኖረው በሦስተኛው ማርሽ ብቻ ነበር፤ ሦስተኛው በልቶ አልቋል። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አራተኛው ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። የነሐስ ቀለበቶቹ እንኳ ያብረቀርቃሉ።

«የኛ ሦስተኛ ደህና ነው አይደል?» አሉ አባቦራ።

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ከሁለቱ አንድ ይወጣል» አሉና እጃቸውን እስከ አንጓቸው ዘይቱ ውስጥ ነክረው እንደ ሙሽራ ሳቁ። ወይዘሮ ውብነሽም «ምን ያስቃቸዋል?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። እኔም ስቄ ነበር።

ጅማ ስንደርስ መሽቶ ነበር። «እግርዎን ያሳዩ» አልኳቸው። «ነገ» አሉ። በማግስቱ ከሰዓት ሳይደርስ ጋራዥ መጡ። «አሳዩት?» አልኩ። «ፈሂማ በጨው ውኃ አጥባዋለች» አሉኝ። ውሸታቸውን ነበር፤ አዴ ፈሂማ አላዩትም። እኔም ውሸት ሊሆን እንደሚችል ገምቻለሁ፤ ግን አልጠየቅኩም።

ዘጠኝ ቀን ሠራን። አሮጌውን አፍርሼ ሦስተኛውን ማርሽ አወጣሁ፣ ሁሉንም በናፍጣ አጠብኩ፣ ኩሽኔታዎቹን ለወጥኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። አባቦራ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው ብሎን ያቀብሉኛል፣ የጊቤን ታሪክ ያወራሉ። ግራ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ነጠላ ጫማ አድርገው ነበር የሚመጡት።

በመጨረሻ ፍሪሲዮኑን ማስተካከል ቀረ። እኔ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ዘንጉን አሳጥራለሁ፣ አስረዝማለሁ፤ እሳቸው መሪው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን ይጫናሉ።

«ይጫኑት!»

«ተጫንኩ።»

«ይልቀቁት። እንደገና!»

ስንት ጊዜ እንዳልኳቸው አላስታውስም። ሃምሳ ይሆናል፣ ሰማንያ ይሆናል። ከሥር ወጥቼ በተከፈተው በር ሳይ ጨርቃቸው ረጥቧል፤ የፔዳሉ ጎማ ላይም ቀይና ቢጫ ነገር ተጣብቋል። እሳቸው ወደ ጓሮ ሲሄዱ ጨርቅ አንስቼ ፔዳሉን ጠረግኩት። ጠርጌ ጨርቁን ጣልኩ፤ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ። ስለዚህ ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ነዷት። ከጊንጆ እስከ ቆጪ ሄደን ተመለስን። ሁለተኛው ማርሽ ያለ ምንም ድምፅ ነው የሚገባው። «ሰማኸው?» ይሉኛል፤ የሚሰማ ነገር የለም፣ ደስታቸውም እሱ ነበር። ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ስንመለስ ግን ፊታቸው በላብ ርሶ ነበር።

«በረደኝ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ የአዴ ፈሂማ ጩኸት ጋራዥ ድረስ መጣ። «ኮቱ! ሙርሺድ፣ ማሎ ድረስልኝ!» ሮጬ ስገባ አባቦራ ፍራሽ ላይ በትኩሳት እየቃዡ ነው፤ አዴ ፈሂማ ጨርቁን ፈትተው በእጃቸው ይዘውታል። ሁለቱ ጣቶች ጠቁረዋል። ጥቁረቱ ወደ እግራቸው ጀርባ ወጥቷል፤ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ያብለጨልጫል። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እግሩን አይቶ ብዙ አልቆየም።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ዛሬ ነው ያየሁት» አሉ አዴ ፈሂማ። «ይደብቀኝ ነበር። ዛሬ ነው ያየሁት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ዝም ማለት እችል ነበር።

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል» አልኩ።

አዴ ፈሂማ አዩኝ። «አይተኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«ከየቡ ስትመጡ?»

«ስንሄድ።»

ሐኪሙ መርዙ ወደ ደም ስለገባ እግሩን ከጉልበት በታች ካልቆረጠ ሌሊቱን እንደማያልፉ ተናገረ። አዴ ፈሂማ ፈረሙ። አባቦራ ከቀዶ ሕክምናው እስኪወጡ ድረስ ኮሪደሩ ላይ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠን ጠበቅን፤ እሳቸው በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ዱዓቸውን ጨርሰው ፊታቸውን ሳያዞሩ «ካምቢዮ ለመምረጥ ሦስት ወንድ ስልክ ላይ ተሰብስባችሁ ነበር» አሉ። «እግሩን የሚያይ አንድ ሰው ጠፋ።»

በማግስቱ ሱፊያን ከአዲስ አበባ ደረሰ። እኔን ሲያይ ሰላም አለኝ፤ እንደሚመታኝ ጠብቄ ነበር። ያነጋገረኝ ስለ መኪናዋ ብቻ ነው፤ አውቶማቲኩን ገዝቶ ሊያመጣ ፈልጎ ስልክ ቢደውል ተሽጧል አሉት። ሐኪሙም ኋላ ላይ ሲጠየቅ ቀኝ እግራቸውም ስሜቱ እየጠፋ ስለሆነ አውቶማቲክም ቢሆን መንዳት የለባቸውም አለ። ፍሬኑን ምን ያህል እንደረገጡ አያውቁትማ። ሱፊያን ይህን ሰምቶ ግቢው ውስጥ፣ ከመኪናዋ አጠገብ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሲያለቅስ አየሁት። ተመልሼ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ያህል አባቦራን አልጠየቅኳቸውም። ቤታቸው ቅርብ ነው፤ እኔ ግን በላይኛው መንገድ እየዞርኩ ነበር ጋራዥ የምገባው። በክራንች ግቢ ውስጥ መቆም እንደጀመሩ ሰማሁ። ቁስሉ አልድን ብሎ እንደገና እንደተኙም ሰማሁ። ደንበኞች «የአባቦራን ካምቢዮ የሠራኸው አንተ ነህ?» እያሉ በአድናቆት ይጠይቁኝ ነበር። «አዎ» እላለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አዴ ፈሂማ ራሳቸው ጋራዥ በር ላይ መጥተው ቆሙ። አልገቡም። «ይፈልግሃል» ብለው ተመለሱ።

አባቦራ መኪናዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሱሪያቸው ግራው በኩል ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ለምን ጠፋህ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ የመኪናዋን ጎማ ነካ ነካ አደረግኩ።

«ንዳኝ» አሉ። «እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።»

አዴ ፈሂማና እኔ ደግፈን አስገባናቸው። ወደ ሰኮሩ በሚወስደው አስፋልት ይዣቸው ወጣሁ። ሞተሩ ከወራት በኋላ በደንብ ተነሳ፤ መንገዱም ባዶ ነበር። ከከተማው ስንወጣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ቀየርኩ። በዓይኔ ጠርዝ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ግራ ጭናቸው ነው። ከጉልበታቸው በታች ምንም የሌለው ጭን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ወደ ፊት ገፋ፣ ከዚያ ተመለሰ። ወደ ሦስተኛ ስቀይር ደግሞ ተነሳ። ዳገት ላይ ስቀንስም እንደዚያው። እኔ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር እሳቸውም ይረግጣሉ። ያወቁት አይመስለኝም፤ መንገዱን ነበር የሚያዩት።

ማርሽ ላለመቀየር ብዬ በአራተኛ ብቻ መንዳት ሞከርኩ።

«ዳገት ነው፣ ቀንስ እንጂ» አሉኝ። «ሞተሯን ታንቃታለህ።»

ቀነስኩ። ጭናቸው ተነሳ።

ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን «ይበቃል» አሉ። ጥግ ይዤ ቆምኩና ማርሹን አውጥቼ ፎሌ ላይ አደረግኩት። ሞተሩን ግን አላጠፋሁም።

«ለሱፊያን ንገረው፣ ይሽጣት» አሉ። «አዲስ አበባ የሚፈልጋት አይጠፋም። ኦሪጂናል ካምቢዮ እንዳላት ይንገራቸው።»

«እሺ።»

«ያን ዕለት ጅረቷ ዳር፤ እንመለስ ብትለኝ ኖሮ እመለስ ነበር ወይ እያልክ ነው አይደል የምትሸሸኝ?»

«አዎ» አልኳቸው።

«እኔም ሽታውን ሸትቼዋለሁ፣ ሙርሺድ። ከአንተ በፊት ነው የሸተተኝ። ማታ ማታ ፈሂማ ሳትተኛ ካልሲዬን አላወልቅም ነበር። እመለስ እንደሆን አላህ ነው የሚያውቀው። አንተ ግን ማለት ነበረብህ።»

«ነበረብኝ።»

«ነበረብህ» አሉ እንደገና። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ዞሬ ወደ ጅማ ነዳሁ። ጊንጆ ስንደርስ አዴ ፈሂማ በሩ ላይ ክራንቹን ይዘው ቆመዋል። አባቦራ በራሳቸው ለመውጣት ሞክረው አቃታቸው፤ መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው። እኔ በብብታቸው ሥር ገባሁ፤ አዴ ፈሂማ ወገባቸውን ያዙ። በሁለታችን መሀል አንጠልጥለን አወጣናቸው፤ እስከ ፍራሻቸውም ድረስ እንዲሁ ይዘናቸው ገባን።